የአዩብ ድምፅ

ውድ ማኑሄ፣

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ የአጎትህ ልጅ ወልደጊዮርጊስ ነው። አስኮ ከመኪና ላይ ሲሚንቶ ስታወርድ እንዳየህ፣ ሲጠራህም ፊትህን እንዳዞርክበት ነግሮኛል። ስልክህ ዝግ ነው። «እጁ ላይ አስቀምጬለት እመለሳለሁ፤ አላናግረውም» ብሎ ምሎልኛልና ከእሱ አትሽሽ። አንብበው ብቻ።

ከቤት ከወጣህ በኋላ የሆነውን ነገር ማወቅ አለብህ። ሐሳቤ እንዳይበታተንብኝ ግን ከመጀመሪያው ልነሣ።

ከግንባር ስትመለስ አካልህ ሙሉ ነበር። እናትህ እጅ እግርህን እየዳበሱ «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለበትም» አሉ። ከዚያ ዝም አልክ። ትበላለህ፣ ትታጠባለህ፣ ውኃ ሲመጣ ጀሪካን ትሞላለህ፤ አትናገርም። ጨው አንሶት እንደሆነ ስጠይቅህ እንኳን ራስህን ትነቀንቃለህ። እኔ ቀን ቤቴል ክሊኒኩ ካርድ ክፍል እውላለሁ፤ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ እገባለሁ። በዚያ ሴሚስተር የያዝኩት ኮርስ «የተግባቦት ንድፈ ሐሳቦች መግቢያ» ይባል ነበር። ሰው ከሰው እንዴት እንደሚግባባ ተምሬ፣ ከገዛ ባሌ ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር መለዋወጥ ወዳቃተኝ ቤት እመለሳለሁ። ወደ ሰፈራችን ወደ ዓለም ባንክ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንዳንዴ ብቻዬን ያስቀኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቅስ ነበር።

ያቺን እሁድ ከሰዓት አትረሳትም። አንተ መስኮቱ ጋ ተቀምጠሃል፤ እኔ ለፈተና ሞጁሌን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቀላሉ ምዕራፍ ነበር። ላኪ አለ፤ መልእክቱን በሆነ መስመር ይልካል፤ ተቀባዩ ይሰማል፤ መሐል ላይ ረባሽ ድምፅ ገብቶ ሊያበላሸው ይችላል። ቀጥዬ «ተቀባዩ ምላሽ ካልሰጠ ላኪው መሰማቱን የሚያውቅበት መንገድ የለም» ብዬ አነበብኩ።

«ድገሚው» አልክ።

ድምፅህ እንግዳ ሆኖብኝ ደነገጥኩ። ደገምኩት።

«እኔ ሰምቼዋለሁ» አልክ። «መስማቴን ግን ሳያውቅ ነው የሞተው።»

ግንባር የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ እንደነበርክ አውቅ ነበር፤ ያንን ቀን ግን አላውቅም ነበር። ሥልጠና ላይ የተዋወቅኸው የኮልፌ ልጅ፣ አዩብ፣ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ቆስሎ ቀረ። ያንተ ሬዲዮ ተመቶ ይቀበላል እንጂ አይልክም። እሱ ይጣራል፤ «የሚሰማኝ አለ? አዩብ ነኝ፣ ቆስያለሁ» ይላል። አንተ በተበላሸው ማይክ ትጮሃለህ። በመጨረሻ በስምህ መጥራት ጀመረ። «ማኑሄ፣ አንተ እንኳን አትመልስልኝም?» አለ። ከዚያ ሲያስል ሰማህ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አላለቀስክም። «እናቱ አልተነገራቸውም» ብቻ አልክ። «አስከሬኑ ስላልተገኘ ከጠፉት ጋር ነው የተቆጠረው። ልንገራቸው፤ ግን አብረሽኝ ሂጂ።»

ሄድን። የአዩብ እናት እማማ ፋሪዳ ያን ቀን ኮልፌ ገበያ ያለውን የጨርቅ ሱቃቸውን ዘግተው ቤታቸው ጠበቁን። የአዩብ እህት ፈይዛ ሻይ አቀረበች። ሻይህ እስኪበርድ ስኒውን ይዘህ ወለሉን ታያለህ። እሳቸው ሲጨንቃቸው መጥተው አጠገብህ ተቀመጡ።

«ከልጄ ጋር አብራችሁ ነበራችሁ» አሉህ። «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ንገረኝ። በሕይወት አለ?»

አፍህን ከፈትክ። ከንፈርህ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እንባህ ብቻ ወረደ።

እጅህን ጨበጡት። «ገባኝ! ገባኝ ልጄ፣ አትጨነቅ። እንዳትናገር ታዝዘህ ነው። ተማርኳል ማለት ነው፤ አለ ማለት ነው! አልሐምዱሊላህ!»

«እማማ፣ አይደለም...» ብዬ ጀመርኩ፤ የሚሰማኝ አልነበረም። ግንባርህን ይስማሉ፤ ፈይዛ እያለቀሰች ለዘመድ ስልክ ትደውላለች። አንተ ተነሥተህ ሮጠህ ወጣህ። ተከትዬህ ወጣሁ። በማግሥቱ በግ አርደው፣ ልጄ አለ ብለው ለሰፈሩ ሰደቃ ማውጣታቸውን ሰማን። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ቤት አልነበርክም። ጃኬትህ እንኳን ምስማሩ ላይ ነበር።

አንተ ከጠፋህ በኋላ ከትምህርት የቀረሁ መስሎህ ይሆናል። ገባሁ። መምህራችን ሰው ጨርሶ አለመናገር እንደማይችል፣ ዝምታም እንደሚናገር አስረዳን። ትርጉሙን የሚሰጠው ግን ሰሚው ነው አለ፤ ሰሚው ደግሞ እንደሚመኘውና እንደሚፈራው ይተረጉማል። ክፍሉ ሁሉ አቀርቅሮ ይጽፋል። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ተሳስቶ ከተረጎመስ? ማን ነው የሚያርመው?»

«እውነቱን የሚያውቅ ሰው ነዋ» አለኝ፤ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ማኑሄ፣ እውነቱን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነበርን።

ብቻዬን እማማ ፋሪዳ ቤት ስሄድ፣ ይመለሳል ብለው የአዩብን ክፍል ቀለም አስቀብተውታል። አዲስ ፍራሽ ከነላስቲኩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እያየሁት ነገርኳቸው። ሳላሽሞነሙን፣ አንተ እንደነገርከኝ። አልጮኹም። ፍራሹን አንዴ፣ እኔን አንዴ አዩና «ውጪ» አሉኝ። ፈይዛ እስከ በሩ እየገፈተረች «ደስታችንን ቀንተሽበት ነው!» አለችኝ። ፌርማታው ላይ መሬት ተቀምጬ ታክሲ ጠበቅኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት እማማ ፋሪዳ ክሊኒክ መጡ። ካርድ የሚያወጣው ሰው ተሰልፏል፤ እሳቸው ሰልፉን አልፈው መስኮቴ ፊት ቆሙ። ሰው አጉረመረመ። የእሳቸው ፊት በአንዴ አርጅቷል።

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

«የባሌን ስም ጠራ፣ እማማ።»

«ባልሽ ሰማው?»

«እያንዳንዷን ቃል። መመለስ ነው ያልቻለው።»

ሁለት እጃቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉ።

«እኔ ፊት ተቀምጦ፣ እልል ስል እያየ መውጣቱን ይቅር አላልኩትም» አሉ። «ገና ነኝ፤ አልዋሽሽም። ግን ይምጣ። ልጄ እንዴት እንደተጣራ፣ እንዴት እንዳሳለ፣ እኔን ጠርቶ እንደሆነ፣ ሁሉን ይንገረኝ። አንቺ የሰማሽው ከእሱ ነው። ከአንቺ አልፈልግም።»

በሳምንቱ ለአዩብ ሶላት ተሰገደለት፤ ለቅሶ ተቀመጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እናትህም መጡ። ፈይዛ ከእኔ ዓይኗን ትሸሻለች፤ ስወጣ ግን ጫማዬን ፈልጋ ሰጠችኝ።

ኮርሱን አለፍኩ። ከተማርኩት ውስጥ አንተን ወደ ቤት የሚመልስ አንድም አላገኘሁም። እኔን አናግረኝ አልልህም፤ እሱ ይቆይ። እማማ ፋሪዳ ግን ልጃቸውን የሚሰሙበት ካንተ ሌላ የላቸውም። ቢሰድቡህም ተሰደብ። ድምፅህ ቢቆረጥ አጠገብህ ነኝ፤ እስኪወጣልህ እንቀመጣለን። ያኔ ሮጠህ የወጣህበትን በር እኔ ደገፍ ብዬ እይዘዋለሁ።

ቅዳሜ እማማ ሱቃቸውን ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ከሰዓት ኮልፌ፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ብርድ ነውና ጃኬትህን ይዤልህ እመጣለሁ።

ሚስትህ
ራኬብ