አባባን አላስገባ ያለው ኮምፒውተር

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ተመስገን ደህና ነን፤ ያንተ ኮምፒውተር ግን ሊያሳብደን ነው! በስልክ እንዳልጮህብህ አባባ ከአጠገቤ አይለይም፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

«ሱቁንና መጋዘኑን በኔትወርክ አገናኝቻለሁ፤ አርፋችሁ ሽጡ» ብለህ ሄድክ። የምን ዕረፍት! ትናንት የጋራዡ ሰውዬ የፍሬን ሸራ ሊገዛ መጣ። አባባ ሸራው መጋዘን ውስጥ መኖሩን ለማየት ኮምፒውተሩን ቢከፍት አላስገባ አለው። ፓስወርዱን ደጋግሞ ሲሳሳት ጭራሽ ቆለፈበት። ኪቦርዱን በቡጢ ነረተው፤ ሰውዬው እየሳቀ ጎረቤታችን ሱቅ ገባ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም!

ፓስወርዱን የመረጥከው ደግሞ አንተ ነህ። «አባባ እንዳይረሳው» ብለህ የቤት ስምህን አደረግከው፤ እሱ ራሱ ያወጣልህን፣ በር ላይ ቆሞ ሲጠራህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው የነበረውን።

ሱቁ ጭር ሲል ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ውጭ አገር ያለውን ልጄን ማን ነበር የምለው?» አለኝ። ነገርኩትና ኮምፒውተሩን እንደ ጉድ ሰደብኩት።

በል ይህን የማይረባ ፓስወርድ ቀይርልን። ቀለል ያለ አድርገው፤ ከዚህ የሚቀል ካገኘህ። ባይሆን ራስህ መጥተህ ቀይረው፤ ደግሞ አትዘግይ።

ባለህበት ሰላም ሁንልኝ። አባባ «ሰላም በይልኝ» ብሏል። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ታላቅ እህትህ