የዘገየው እጅዎ አይደለም

ለማከብርዎና ለምናፍቅዎ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃው መሐል ላይ ቆመው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል የሚያዩ መስለው ያርፋሉ? እናቴንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቀኑን ሙሉ የሰው ኮምፒውተር ላይ አጎንብሼ ስለምውል ነውና ለክፉ አይሰጥም።

ባለፈው የላኩልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። በሲሙሌተሩ፣ በዚያ የኮምፒውተር የበረራ ጨዋታዎ፣ አውሮፕላን ሊያሳርፉ ሲሉ ሦስት ጊዜ ከማኮብኮቢያው እንደወጡ፣ እጅዎም ከዓይንዎ ኋላ እየቀረ እንደሆነ ጽፈውልኛል። ሃያ ስድስት ዓመት የሰብል መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ያበረረ ሰው እንዲህ ሲል ቀልድ አይደለም። የቀረውን ታላቅ እህቴ እትዬ በስልክ ነገረችኝ። የመኪናውን ቁልፍ ለእሷ አስረክበዋል፣ ጢምዎንም እሷ እንድትላጭዎ ፈቅደዋል። እርስዎ! ለእትዬ እጅ! ያኔ ነገሩ ከጨዋታ እንዳለፈ ገባኝ።

የበረራዎቹን ቅጂ እንዲልኩልኝ የለመንኩዎት ለዚህ ነው። ሲሙሌተሩ መሪውን በየቅጽበቱ ወዴት እንዳዞሩት ይመዘግባል። ምሳ ሰዓት ላይ የጥገና ሱቃችን ጭር ሲል በትልቁ ማሽናችን ከፈትኩት። ሲወርዱ ክንፉ ንቅንቅ አላለም። ከተማው ብቅ ሲል ግን መዝገቡ ላይ ሁለት ሴኮንድ ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ምንም አልተጻፈም። ከባዶው በኋላ አውሮፕላኑ ሣር ላይ ነው። ሌሎቹንም አየሁ፤ ሦስቱም እዚያችው ቦታ ላይ ተቆርጠዋል። የሰው እጅ ደግሞ ቦታ መርጦ አይደክምም። የኮምፒውተር ቦርድ የሚበይደው ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ እጃቸው እንዲህ ከጸና እኒህ ሰውዬ ጡረታው ሲሰለቻቸው መጥተው ለእኔ ይበይዱልኝ አለ። እሱ ሰው ማመስገን አይሆንለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስሉን የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ የእርስዎ አራት ጊጋ ነው። እንደ ሥራ ጠረጴዛ ይቁጠሩት። ሠራተኛው ቀልጣፋ ነው፣ ጠረጴዛው ግን ጠባብ። ገጠር ላይ ሲበሩ ሜዳና ሰማይ ብቻ ስለሆነ ይበቃዋል። ከተማው ሲመጣ የየጣሪያውና የየግድግዳው ሥዕል ይከመርበታል። ጠረጴዛው ሲሞላ ዕቃ ለማምጣት መጋዘን ይመላለሳል፤ እርስዎ መሪ ይዘው እሱን ይጠብቃሉ።

አዲስ ካርድ ፍለጋ ኪስዎን አያራግፉ። ሴቲንጉ ውስጥ የሥዕሉን ጥራት የሚወስነውን፣ ቴክስቸር የሚለውን፣ ከጫፍ ወደ መካከለኛ ያውርዱት፤ የሩቅ ሕንፃዎችንም ይቀንሱ። ጣሪያዎቹ ትንሽ ይደበዝዛሉ፤ እርስዎ ደግሞ ጣሪያ ሊቆጥሩ አይደለም የሚወርዱት። በሴኮንድ ሠላሳ ምስል ሳይቆራረጥ ከመጣልዎ ለማረፍ ይበቃል። ስልሳውን ወጣቶቹ ይኩራሩበት። ከአንድ አርክቴክት ማሽን የወጣ ስምንት ጊጋ ያለው ካርድም አስቀምጬልዎታለሁ፤ ለሚመጣ ሰው አስይዤ እልከዋለሁ። በፍጥነት ከእርስዎው ብዙም አይበልጥም፣ ጠረጴዛው ግን እጥፍ ነው። ሻጮች የሚያወሩት ስለ ፍጥነት ነው፤ ለእርስዎ ዓይነቱ በረራ ግን እኔን ካመኑኝ ስፋቱ ይቀድማል።

አሁን ያፈርኩበትን ልናገር። ሴቲንጉን ከፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት መጥቼ ስመለስ፣ ሻንጣዬን ዘግቼ፣ ደስ ይበላቸው ብዬ ሁሉንም እስከ ጫፍ ገፋሁት። ሜሞሪው ይችለው እንደሆነ አላየሁም። የደንበኛ ማሽን ቢሆን ሳልፈትሽ አልነካውም ነበር። ለእርስዎ ሲሆን ግን ፍቅር ይበቃል ብዬ ዝም ብዬ ነካካሁት። እርስዎም የመጣሁበትን ቀን ሳይጠረጥሩ ራስዎን ወቀሱ።

ስለዚህ አውርደውት ከተማው ላይ ደግመው ያሳርፉ። ያኔም እጅዎ ከዘገየ ይጻፉልኝ፤ አልሸነግልዎትም፣ መጥቼ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።

እናቴን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ሽሮፑን ደብቃ እንዳትተወው። እትዬን ስለ ልፋቷ ሁሉ አመሰግናታለሁ፤ ያን ዕለት ደንግጬ በስልክ ስለጮህኩባት ታኩርፍ እንጂ አትቀየመኝ። ታች ቤት ላለችው አክስቴም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

እጅዎ ካልዘገየ ደግሞ፣ አባባ፣ እነዚህን ሦስት ሳምንታት ያስረጀሁዎት እኔ ነኝና ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ
ከጥገናው ሱቅ፣ ጥር 14 ቀን