ያልተፈጨው ስንዴ

ውድ አባባ፣

ፊደል አልቆጠርክም፤ ስለዚህ በሕይወት ብትኖርም ይህን ደብዳቤ የማነብልህ እኔው ነበርኩ። አንተም ገና መግቢያው ላይ "እሺ፣ ወደ ፍሬ ነገሩ ግቢ" ትለኝ ነበር። ወሬ ሲንዛዛ አትወድም። ፍሬ ነገሩ ይኸውልህ፤ ስንዴው ተፈጨ። መቼ ነው የሚፈጨው እያልክ ስትነዘንዘኝ የነበረው ስንዴ። የቀረውን ግን ሳላንዛዛ መናገር አልችልምና ቻለኝ።

የመንደሩ ሰው "አይተኛው" ይልህ ነበር። ዶሮውን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው እያሉም ይቀልዱብህ ነበር፤ እኔ በልጅነቴ ቀልድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ዓይኔን ስገልጥ መኝታህ ቀዝቅዟል፤ አንተ በሬዎቹን ጠምደህ እርሻው መሀል ደርሰሃል። ቤታችን ሕጉ አንድ ነበር፤ እጁን ያላንቀሳቀሰ አፉን አያንቀሳቅስም። ትኩሳት ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ እንኳ አንድ እፍኝ እሸት ባቄላ አምጥተህ ብርድ ልብሴ ላይ ዘረገፍክና "ፈልፍዪ" አልከኝ። እናቴ "ምን ዓይነት ጉድ ነው፣ በሽተኛ ያሠራል እንዴ?" ብላ ተቆጣች። እኔ እያለከለክሁ ፈለፈልኩ። ስጨርስ ሳህኑን አቀረብክልኝና "በይ ብዪ፣ የድካምሽ ነው" አልከኝ። ከስንት ቀን በኋላ እህል የቀመስኩት ያን ቀን ነበር።

ጨካኝ ያልኩህ ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ የሞተችው አዝመራ ላይ ነበር። ጠዋት ቀበርናት፤ ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር መንሽህን አንስተህ ወደ አውድማ ወረድክ። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። አክስቴ "አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ" አለች፣ እንድትሰማት ጮክ ብላ። ሰምተሃታል። ዝናቡ ሲወርድ እህሉ ገብቶ ነበር፤ ያን ክረምት ያለፍነው እሱን በልተን ነው። እኔም እየበላሁ ቂም ያዝኩብህ። ከአውድማ ስትመለስ ገለባው ጉንጭህ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በምን እርጥበት እንደተለጠፈ ለማሰብ ዕድሜ ጠየቀኝ። ይህን ፊት ለፊት ልነግርህ ስንት ጊዜ አስቤ ተውኩት።

በረዶ ያወደመውን ደግመህ ዘራህ። አንበጣ የበላውን ዓመት በሰው ማሳ አጭደህ አሳለፍከን። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ፣ እኔ ከተማ ገብቼ ልብስ ሰፊ ሆንኩ፣ ሞፈርህን የሚቀበልህ ጠፋ። አንተ ግን ሰማንያን አልፈህም ክምር ላይ ትወጣ ነበር፤ ከዚያው ወድቀህ ዳሌህ ተሰበረ። እንደ እህል ጆንያ ተሸክመንህ እኔ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አመጣንህ። አልጋህ በመስኮቱ በኩል፣ የስፌት መኪናዬ በግድግዳው በኩል፣ መሀሉ ላይ የተማሪ ልብስ ክምር። ያው ነበር ቤታችን።

መብላት እንቢ አልክ። ሳህኑን በጣትህ ወደ እኔ እየገፋህ "ምን ሠርቼ?" ትለኝ ነበር። ሐኪሙ ካልበላ አጥንቱ አይጠገንም ብሎኛል። ለመንኩህ፣ ተቆጣሁህ፣ ጎረቤት አስለመንኩ። አንተ እንደሆንክ ድንጋይ ነህ። በመጨረሻ አንድ ጆንያ ስንዴ ገዝቼ፣ በትሪ አድርጌ ጭንህ ላይ አስቀመጥኩት።

"አባባ፣ ሲበዛ ቆሻሻ ነው። እኔ ስፌቱ አላፈናፍን ብሎኛል፤ ልቀምልኝ እስቲ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ አፍሽን ምን ዘጋው?" አልከኝ። ፊትህ ሲፈታ አየሁ። ጠጠሩን ለብቻ፣ እንክርዳዱን ለብቻ እያደረግህ እስኪመሽ ለቀምክ። ከዚያ ያቀረብኩልህን ጥርግ አድርገህ በላህ። እኔ ወደ መኪናዬ ዞሬ እየሰፋሁ አለቀስኩ፤ መርፌው ውስጥ ክር እንዳልነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጆንያው ሊያልቅ ሲል ጨነቀኝ። ሌላ ለመግዛት አቅም የለኝም፤ ሥራው ካለቀ ደግሞ አፍህ ይዘጋል። ስለዚህ "አይተኛው" የተባልከው ሰውዬ ከሰዓት ሸለብ ሲያደርግህ፣ የለቀምከውን ጠጠርና እንክርዳድ መልሼ እቀላቅለው ጀመር። ነቅተህ "መቼ ነው የሚፈጨው?" ስትል ወፍጮ ቤቱ ተበላሽቷል እላለሁ። በሌላው ቀን መብራት ጠፍቷል እላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው ጨርሶ ቀለለኝ። አንተ ግን ወፍራም ሆንክ፣ ቀልድ ጀመርክ፣ ሊጠይቅህ የሚመጣውን የሕንፃውን ጥበቃ ሰውዬ "አንተም ትተኛለህ፣ በሩም ይተኛል" እያልክ ትነካካው ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር አባባ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ኮሌታ እየሰፋሁ ሳለ "ይቺ ቀይ ጠጠር ዛሬም መጣች" አልክ።

መኪናዬን አቆምኩ። "የቷ?"

"ይቺ። ትናንትም ለቅሜያታለሁ። ባለፈውም።" ወደ ብርሃኑ አንስተህ አየሃት። "ጠጠርም ሰው ይለምዳል ማለት ነው?"

አልተቆጣህም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጠጠሯን በመስኮት ወረወርካት። ከዚያ ጆንያውን አስጠጊልኝ አልክና ከጠዋት እስከ ማታ እየለቀምክ፣ ሸለብ ሳያደርግህ፣ በቀናት ውስጥ ጨረስከው። ቆሻሻውን ሁሉ በራስህ እጅ በዚያው መስኮት አፈሰስከው። የጆንያውን አፍ በገመድ ጠፍረህ አሰርክና "አሁን ይፈጫል" አልክ። ከዚያ በኋላ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋ ጀመር።

ወንድሜ መኪናውን ጥሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ የቁልፉን መያዣ እያሽከረከረ፣ "እንደ ሕፃን በግድ ላጉርሰው?" ይለኛል። እኔ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ተሟገትኩህ።

"ሙሉ ዕድሜህን ሠርተሃል እኮ።"

"ሙሉ ዕድሜዬንም በልቻለሁ።"

"ያ ዓይኑ የጠፋው በሬስ? ቀንበር ካወረድክለት በኋላ እስኪሞት ድረስ አልመገብከውም?"

"መግቤዋለሁ።"

"ታዲያስ?"

"በሬው አያውቅማ" አልከኝ። "እኔ ግን አውቃለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ውኃ በጥጥ እያደረግሁ ከንፈርህን አረጥብ ነበር፤ እሱን አልከለከልከኝም። በሳምንቱ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሁልጊዜ በምትነሣበት ሰዓት ሄድክ።

በቀበርንህ ማግስት ሊያጽናኑን የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚቀርብ ነገር የለም። ወንድሜ ጆንያውን አይቶ "ይሄስ?" አለ። ተሸክሞት ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። ወፍጮ ቤቱ ከእኛ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ባለወፍጮው ገመድህን ለመፍታት ሲታገል ቆየ። ከዚያ እጁን እስከ ክንዱ ከቶ አንድ እፍኝ አወጣ፤ በመዳፉ ላይ እያንከባለለ አየው።

"ማነው የለቀመው?"

"አባቴ" አልኩት።

"እጃቸው ይባረክ። ስንት ዓመቴ እዚህ ስቆም፣ እንዲህ የጠራ አይቼ አላውቅም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላ ሥራ ይቀበላሉ? ደንበኞቼ የሚለቅምልን ሰው ፈልግልን እያሉ ያስቸግሩኛል። ቤታቸው ድረስ እልክላቸዋለሁ፤ እኔ እንደሆንኩ ሰው አጥቼ ነው።"

ወንድሜ ነው "ትናንት ቀበርናቸው" ያለው። እኔ ጆንያውን ይዤ ቆሜ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ተበላሽቷል ስልህ፣ ሥራው እዚያ ተቆልሎ ነበር አባባ። እውነተኛ ሥራ፤ ጠጠሩ በየቀኑ አዲስ የሆነ። አንድ ቀን እንኳ ደረጃውን ወርጄ ብጠይቅ ኖሮ እያልኩ መርፌ ጨብጬ እውላለሁ።

ዳቦውን ራሴ ጋገርኩት። ሰዎቹ በሉ፤ የጥበቃው ሰውዬ ድጋሚ እንዲጨመርለት ጠየቀ፤ ማንም ጠጠር አልነከሰም። እኔ በመጨረሻ ሳህኖቹን አጥቤ፣ ወለሉን ጠርጌ፣ ከዚያ ተቀምጬ በላሁ። የድካምህ ነው።

ባቄላ ፈልፋይዋ ልጅህ