ተረኛዋ ሌባ

መርፌ ወንድሜ፣

ፖስትካርዱ ላይ ያለውን ድልድይ ገና አላየሁትም። ያየሁት የሚያስቀና ስብሰባ ነው። እዚህ ለሥራ የመጣሁበት ቢሮ አዲስ ፕሮግራም ለደንበኛ ከመለቀቁ በፊት ከመካከላቸው አንዱ በተራ ሌባ ሆኖ በየት በኩል ሰብሮ እንደሚገባ ይፈትናል። ትናንት ተረኛዋ ሌባ አንዲት ረጋ ያለች መነጽራም ሴትዮ ነበረች። «እኔ ከሥራ የተባረርኩ ሠራተኛ ነኝ፤ የይለፍ ቃሌ አሁንም ይሠራል?» አለች። ኮዱን የጻፈው ልጅ ሞከረው፤ ያለምንም ችግር ተከፈተ። እኔ ጩኸት ስጠብቅ አለቃቸው «እንግዲያው መልቀቁ ሳምንት ይቆያላ» ብሎ ሻዩን ፉት አለ።

ቅናት አንጀቴን አሳረረው። የኛ አለቃ ቢሆን «ልቀቁትና እናያለን» ነበር የሚለው። ከዚያ የፕሮግራሙ ቀዳዳ ሲገኝ አንተ መርፌው እየተራገምክ ትሰፋለህ፣ እኔ ደንበኛ አባብላለሁ። እነዚህ ደግሞ በሰዓቱ ቤታቸው ይገባሉ። ይበልጥ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ሴትዮዋ ወደኔ ዞራ «እናንተ ጋ ሌባ የሚሆነው ማነው?» አለችኝ።

«እኛ ጋ ሌባው ራሱ ይመጣል» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ቦታ አለቀብኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፤ ለባለቤትህና ለትንሿም ናፍቆቴን ንገርልኝ። የአሮጌውን ሰርቨር የይለፍ ቃል ጻፍልኝ ብለኸኝ አልነበር? ጥግ ላይ በእስክርቢቶ ያጠቆርኩት እሱ ነው። ልማድ ሆኖብኝ ከጻፍኩት በኋላ ነው የሴትዮዋ «ሌባ የሚሆነው ማነው?» ትዝ ብሎኝ ያጠቆርኩት። ግን ወደ ብርሃን አስጠግተህ ስታየው አሁንም ይነበባል። ፖስተኛው ካልቀደመህ ገብተህ ቀይረው።