የፊርዶስ ባክቴሪያ እና የእኔ ቬንትሌተር

ግንቦት 4፣ ሰኞ
ላብራቶሪው ያው እቶን ነው። ኤሲው ከፋሲካ ወዲህ አይሠራም። የጥናት አጋሬ ፊርዶስ ደግሞ መስኮት ዘግታ፣ ቬንትሌተር አጥፍታ፣ የጋዝ እሳቱ አጠገብ በላብ ተጠምቃ ፕሌት በምንለው ክብ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ትዘራለች። ምን ዓይነት ሰው ነች? የበቀለበትን ፕሌት ክዳን ከፈት አድርጋ ማሽተቷስ... ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ያወጣነው ባክቴሪያ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። "አቦ፣ የሚታወቀው በጠረኑ ነው እኮ" ትለኛለች። ማሽተት ካማራት ቀፊራ ገበያ ቅመም ተራ አለላት።

ባክቴሪያው ቀይ ነው። ቀዩን የሚሠራው አንድ ኢንዛይም ነው ብለናል፤ ማሎኒል-ኮኤ የሚባለውን ትንሽ ሞለኪውል አምስት አምስቱን እየቀጣጠለ። የኢንዛይሙን ጂን አጠፋን። ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ ከሆነ ልክ ነን። አማካሪያችን ዶክተር ይሳቅ ቁርጡን ነግረውናል፤ ሁለታችንም የየራሳችንን ፕሌት ካላሳየን ዘንድሮ መመረቅ የለም።

የእኔን ስዘራ ቬንትሌተሩን ከፈትኩት። "ተይው ስምረት" አለች። እንደሷ ልቀቀል እንዴ?

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ
ነጭ። ፕሌቶቼ በሙሉ ነጭ በነጭ... የእመቤት ፊርዶስ ገና ባዶ ነው።
"በአንድ ሌሊት? የኛ እኮ አምስት ቀን ይፈልጋል፣ ወላሂ" አለች።
ቅናት ሰውን እንዲህ ያደርጋል? ለዶክተር ደወልኩ። ሐሙስ እመጣለሁ አሉ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ
ዶክተር በማይክሮስኮፕ አንድ አፍታ አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።
"ይሄ የናንተ አይደለም። ከአየር የገባ ነው። ቬንትሌተር ከፍተሽ ነበር?"
ፊርዶስ አጠገቤ ቆማለች። ተይው ብያት ነበር ብላ አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ... አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።
የድሬን አቧራ ራሴ አራግቤ ፕሌቴ ላይ አስገባሁ። አንደኛ ዓመት እንኳ እንዲህ አያደርግም። እስከ ወሩ መጨረሻ እንድደግም ፈቅደውልኛል።

ግንቦት 8
አፈርኩ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ
የፊርዶስ በቀለ። እሱም ነጭ። ነጭ አንዴ አታሎኛል፣ አላመንኩም። ክዳኑን ከፈት አድርጋ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ።
"አሽቺው።"
ደቻቱ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታ ነው። ቀዩ ሄዷል፣ ባክቴሪያው ግን ራሱ ነው። ልክ ነበርን... ልክ ነበረች።

ከሰዓት የእኔን ልደግም ተቀመጥኩ። መስኮቱ ዝግ፣ ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል። ከጎን ክፍል የሚሠራው ፋራህ ብቅ አለ።
"አብዳችኋል? ቬንትሌተሩን ልክፈትላችሁ?"
"እንዳትነካው!" ያልኩት እኔ ነኝ። ፊርዶስ ሳቀች።
ምን ዓይነት ሰው ነው ግን?