ለመዝሙር ሳስተረጉም የዋጥኩት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ታደለች፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣቱን ቻለልሽ? እማዬ ስኳሯ ወረደላት ወይስ አሁንም ማሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቃ ትልሳለች? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። መዝሙርም ደህና ነው ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ሁሉ ወረቀት የማጠፋውም በእሱ ነገር ነው።

በስልክ ማውራት እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። የእናንተ ስልክ እኮ ሁልጊዜ በስፒከር ነው፤ እኔ ገና ሰላም ስል ጎረቤት ሳይቀር አሜን ይላል። ስለዚህ ወደ አዳማ ለሚመጣው ለካሣዬ አሽጌ ሰጥቼዋለሁ። በርሽን ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው።

እትዬ፣ ወንድማችን መዝሙር ታሟል። ሕመሙ የአእምሮ ነው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ጋርዴና ያለው ፋብሪካ ሲገባ ደህና ነበር፤ አራት ዓመትም በደንብ ሠራ። ከጥቅምት ወዲህ ግን ምግብ እያሸተተ ይተው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይሸፍን፣ ከሥራም ይቀር ጀመር። መጀመሪያ ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ፤ ቀጥሎ ጾም ጸሎት ይዞ ነው አልኩ። ምክንያት መፍጠር መቼም አያቅተኝም፣ ታውቂኛለሽ።

ኅዳር ላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ነርሷ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ላገናኛችሁ፣ መብታችሁ ነው፣ አትከፍሉበትም አለች። እኔ ደነገጥኩ። እዚህ አገር አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ወይ ከቤተ ክርስቲያን ወይ ከሐበሻው ሰፈር ከፌርፋክስ የማውቀው ነው። እኔ ደግሞ የምውለው እዚያው ፌርፋክስ፣ ሱቅ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ስመዝን ነው፤ ሐበሻ ሁሉ በፊቴ ያልፋል። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ድምፃችንን ቢለየውስ ብዬ ፈራሁ። እህቱ እያለሁ ባዳ ምን ያደርጋል አልኩና እኔው ላስተረጉም ተቀመጥኩ።

ሐኪሟ ምን እንደሚሰማው ጠየቀችው። መዝሙር ወደ እኔ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ከግድግዳው ጀርባ የሚሰድቡት ድምፆች እንዳሉ፣ ምግቡ ውስጥ የሆነ ነገር እንደሚጨምሩበት፣ አንዳንድ ቀን ተኝቶ ባይነቃ እንደሚመኝ። እኔ ምን ብዬ አስተረጎምኩ መሰለሽ? ብዙ ይሠራል፣ እንቅልፍ አጥቷል፣ የምግብ ፍላጎቱም ቀንሷል አልኩ። ሌላ የሚነገር ነገር አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ የለም አልኳት። የእንቅልፍ ኪኒን ታዘዘለትና ወጣን። በፒኮ ጎዳና አውቶቡስ ስንመለስ ገመናችንን ሸፈንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ እየነደደ ነው።

የካቲት ላይ ባሰበትና ሆስፒታል ገባ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ጥቂት ወራት ተኝቶ የሚታከምበት ቦታ ያስፈልገዋል ብለው ጻፉ። ኢንሹራንሱ ግን አልከፍልም አለና ወደ ቤት ይዤው ተመለስኩ። የሰጠው ምክንያት ሐኪሟ ኅዳር ላይ የጻፈችው ማስታወሻ ነው፤ በሽተኛው ከእንቅልፍ ማጣት በቀር ሌላ ችግር የለብኝም ብሏል ይላል። መዝሙር ያንን አላለም እትዬ። ያልኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሣራ ሄድኩ። ሣራ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ የምትቀመጥ፣ ሥራዋ ለሐኪም ቤቶች በስልክ ማስተርጎም የሆነ ሴት ናት። ያን ቀን የፈራሁት እሷን ነበር። እሷ እንደነገረችኝ፣ የዚህ ስቴት ሕግ ኢንሹራንስ የአእምሮን ሕመም ልክ እንደ አካል ሕመም እንዲሸፍን ያስገድዳል። እምቢ ካለም ከእሱ ጋር የማይሠሩ ሐኪሞች ፋይሉን እንደገና እንዲያዩት ለስቴቱ ማመልከት ይቻላል። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ያዘችኝ። «ሕጉ ጥሩ ነው ዶርቃ፤ ግን የሚታየው ፋይሉ ነው። ፋይሉ ላይ ያለው ያንቺ ቃል ነው፣ ሶ ማስተካከል ያለብሽ አንቺ ነሽ» አለችኝ። የሰማችውን ለሰው እንደማታወራ፣ ይህም የሥራዋ ግዴታ እንደሆነ ጨምራ ነገረችኝ። እንግዲህ ያን ሁሉ የዋጥኩት ይህችን ሴት ፈርቼ ነው። አሁን እኔ ሥራ ስገባ ከመዝሙር ጋር የምትቀመጠውም እሷው ናት።

ያጠፋሁትን አንድ በአንድ ጽፌ ፈርሜያለሁ። የቀረው አንቺ ዘንድ ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ነበረ ወይ ይላል። አባባ ያን ሁለት ዓመት ከክፍላቸው አልወጣ ሲሉ፣ ሰው ከጠየቀሽ ደክሟቸው ነው በይ ብለሽ ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጥሩ አድርጌ ያዝኩት። አልወቅስሽም፣ ላንቺም ያስጠናችሽ እማዬ ናት። ግን አዲስ አበባ የት ነበር የወሰዳችኋቸው? ሐኪሙስ ምን አለ? ወረቀት ካለ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ማመልከቻው በግንቦት መጨረሻ ይገባል።

የፈረምኩትን ትናንት ለመዝሙር አነበብኩለት። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጠፈው። ከዚያ፣ «አውቃለሁ» አለ። «እንግሊዝኛ መናገሩ ነው እንጂ መስማቱ አያቅተኝም። እንቅልፍ ነው ስትያት ሰማሁሽ። እህቴ ካፈረችብኝ ለማን እናገራለሁ ብዬ ተውኩት።» ከኅዳር እስከ የካቲት ምንም ሳይናገር የከረመው ለካ ለዚህ ነው። እኔ ጸጥ ሲል ተሻለው ብዬ ጌታን ሳመሰግን ነበር።

እማዬ ጥርሴን ሲያመኝ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትለኝ ነበር። ለጥርስ ብቻ መስሎን ኖርን።

ከላይ ብቻሽን አንብቢው ያልኩትን ተይው፤ ልሰርዘው አሰብኩና ደግሞ እዪው ብዬ ተውኩት። ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ ጉልበቷንም ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ለጋሼ ወንዳፍራሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ዳጊን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትንሹ ጳውሎስንም እንደዚያው፣ ቢሸሽም ይዘሽ። መዝሙር እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁሽ ግን እባክሽ እትዬ፣ ደክሞት ነው አትበያቸው። ታሟል በያቸው።

እህትሽ ዶርቃ
ሎስ አንጀለስ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.