የገረባው ዒላማ

ጭሮ፣ ሐሙስ ጥቅምት 20

ዛሬ ጠዋት ከተማውን ጉም ውጦት ነበር። የባህል ስፖርት ውድድሩ ስለደረሰ ግን አሰልጣኛችን ጀማል የቀስት ልምምዱን አልሰረዘም። ዒላማችን ማዳበሪያ ነው፤ ጫት ተራ በሚጣለው ገረባ፣ በጫት ቅጠል ውዳቂ፣ ጠቅጥቀን የሰፋነው። ሰሞኑን በየማለዳው ከስቶ ይጠብቀናል። ጀማል "ፍየል እየበላው ነው" ይላል።

በጉሙ ውስጥ ዒላማው እንደ ጥላ ብቻ ይታየኝ ነበር። ፍላጻዬን ለቀቅኩት። የሰማሁት ድምፅ የማዳበሪያ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ።

ጀማል በአማርኛም በኦሮምኛም "ማነው እዛ?" እያለ ተጣራ። ሮጠን ስንደርስ ማዳበሪያው ከጀርባው ተቀዶ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ደም የለም። ፍላጻዬም የለም።

"ፍየልም እኮ ይስላል" አለኝ ጀማል። አይኔን ግን አላየኝም። "ለነገ እንደገና እንሞላዋለን።"

አመሻሽ ላይ ቤት ስደርስ ፍላጻው በራችን ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጭራው ላይ ያሰርኩት ቀይ ክር አለ፤ የኔው ነው። ታጥቧል፤ ገና አልደረቀም። ማን እንዳመጣው እማዬን ጠየቅኳት።

"ሰው አላየሁም" አለች። "ብቻ ደጅ ላይ የሆነ ሰው ሲስል ሰማሁ። ልከፍትለት ስነሳ ሄደ።"

ለጀማል ልደውል አልኩና ተውኩት። ምን ብዬ? ፍላጻውን ወደ መብራቱ አስጠግቼ ደግሜ አየሁት።

ጫፉ ላይ ብረቱ የለም።